ጭነቱ ያጋደለ ገጽ፦ ከጎን የሚወጣ ሜኑ ያልተፈለገ ስክሮል ሲያመጣ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ፤ ከዚያው ጎን ለጎን ድረ ገጽ እሠራለሁ። ባለፈው ክረምት አንድ የጤፍ ነጋዴ መጡ። ከቢቸናና ከደጀን ዙሪያ ጤፍ እየሰበሰቡ፣ ዓባይን አሻግረው አዲስ አበባ የሚልኩ ሰው ናቸው። ገዢዎቻቸው ወደ 300 ኪሎ ሜትር ርቀው ዋጋ የሚያዩት በስልካቸው ስለሆነ፣ ገጹ ከምንም በፊት ስልክ ላይ እንዲያምር ፈለጉ። ሦስቷን መስመር ሲነኳት ከጎን እየተንሸራተተ የሚወጣ ሜኑ አደረግሁላቸው፦ ማኛ፣ ነጭ፣ ሠርገኛ፣ ቀይ፣ ቀጥሎ ሽንብራና ምስር፣ መጨረሻው ላይ «ይደውሉልን»።

ሜኑው መጀመሪያ በግራ በኩል ነበር። ጋሼ ስልካቸውን በቀኝ እጃቸው ይዘው አውራ ጣታቸውን ወደ ግራው ጥግ ዘረጉና «ልጄ፣ አልደርስበትም፤ ወደ ቀኝ አምጪልኝ» አሉኝ። የገጹን መልክ በሚወስነው ፋይል፣ በሲኤስኤሱ ላይ «ሌፍት» የሚለውን «ራይት» ብዬ ቀየርኩ። ከፈትኩት፣ ዘጋሁት፣ ሠራ፤ ሰጠኋቸው። በማግስቱ ጠዋት ሱቄን ሳልከፍት ደጃፌ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። «ገጹ አጋድሏል» አሉ። ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አድርገው ወደ ግራ ሲስቡት የጤፉ ፎቶም ዋጋውም አብሮ ሄደ፤ በቀኝ በኩል ባዶ ነጭ ቦታ ብቅ አለ። «አህያ ላይ ያልተመዛዘነ ጭነት ስትጭኚ እንዲህ ነው። አንዱ ወገን ይከብድና ሌላውን ይስበዋል።» ከዚያ ወዲህ ይህን ብልሽት በሌላ ስም ጠርቼው አላውቅም፤ ማጋደል ነው።

ያን ዕለት ያደረግሁት ብዙዎቻችን የምናደርገውን ነው። ገጹን ሁሉ በሚይዙት ሁለት ሳጥኖች፣ በኤችቲኤምኤሉም በቦዲውም ላይ «ኦቨርፍሎው ኤክስ ሂደን» (ወደ ጎን ያለፈውን ደብቅ) ብዬ ጻፍኩ። ነጩ ቦታ ጠፋ። ጋሼም ደስ ብሏቸው ሄዱ። ሦስት ቀን ሳይቆይ ግን ከላይ ተለጥፎ መቅረት የነበረበት «የዛሬ ዋጋ» የሚለው መስመር ገጹ ወደ ታች ሲሄድ አብሮ መጥፋት ጀመረ። ጭነቱ ያጋደለ አህያ ላይ ገመድ ጨመርኩበት እንጂ ጭነቱን አልመዘንኩትም ነበር። ስለዚህ ይህን መመሪያ የምታነቡ ሁሉ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ፦ ከመሸፈናችሁ በፊት ወደ ውጭ የወጣውን ነገር ፈልጋችሁ አግኙት። የትእዛዞቹን ስም እርስ በርሳችን ስናወራ እንደምንጠራቸው ጽፌያቸዋለሁ፤ ፋይሉ ላይ በለመዳችሁት መንገድ ጻፉት።

ለኩት

ኮምፒውተር ላይ ገጹን በክሮም ክፈቱና ቀኝ ክሊክ አድርጋችሁ «ኢንስፔክት» በሉ። የስልክ ምልክቷን ነክታችሁ ወርዱን 360 ፒክስል አድርጉት። ከዚያ ትእዛዝ ተጽፎ መልስ በሚታይበት ክፍል፣ በኮንሶሉ ላይ፣ የዶክዩመንት ኤለመንትን (የገጹን ዋና ሳጥን) ሁለት ቁጥሮች አስወጡ፦ «ክላየንት ዊድዝ» እና «ስክሮል ዊድዝ»። የመጀመሪያው ለዓይን የሚታየው ወርድ ነው። ሁለተኛው ብራውዘሩ «እስከዚህ ድረስ ይዘት አለ» ብሎ የቆጠረው ነው። እኩል ከሆኑ ገጹ ወደ ጎን የሚሄድበት ምክንያት የለውም። የእኔ 360 እና 640 አሉ። ልዩነቱ 280፤ የሜኑው ወርድ ደግሞ በትክክል 280 ፒክስል ነበር። እንዲህ ቁጥሩ ሲገጥም ሌላ ቦታ መፈለግ አያስፈልግም። ልዩነቱ 40 ሲሆን ፓዲንግ (ሳጥኑ ውስጥ በጠርዙ ዙሪያ የሚተው ክፍተት) ጠርጥሩ፣ 15 ወይም 17 ሲሆን የስክሮል ባሩን። ቁጥሩን ማየት ብቻውን ግማሹን መንገድ ያስኬዳል።

ቁጥሩ የማይናገር ከሆነ፣ ሁሉንም ኤለመንቶች (የገጹን ሳጥኖች) በሚይዘው የኮከብ ምልክት ላይ «አውትላይን 1 ፒክስል ሶሊድ ሬድ» ጻፉ። እያንዳንዱ ሳጥን ቀይ መስመር ይለብሳል፤ ከስክሪኑ ጠርዝ ያለፈው ወዲያው ይታያል። ቦርደር አትጠቀሙ። ቦርደር ራሱ ወርድ ስለሚጨምር የምትለኩትን ነገር ይቀይረዋል፤ አውትላይን ግን ቦታ አይወስድም። ፋየርፎክስ ያላችሁ ደግሞ ኢንስፔክተሩ ራሱ ስክሮል የሚያመጣው ኤለመንት ጎን ላይ «ኦቨርፍሎው» የሚል ትንሽ ምልክት ይለጥፍላችኋል። ይህ ብቻውን ፋየርፎክስን ለመጫን በቂ ምክንያት ነው እላለሁ።

ጃቫስክሪፕት የምታውቁ ኮንሶሉ ላይ ሁሉንም ኤለመንቶች በሉፕ አዙሯቸውና «ጌት ባውንዲንግ ክላየንት ሬክት» የሚሰጣችሁን የ«ራይት» ቁጥር ከክላየንት ዊድዙ ጋር አወዳድሩ፤ የበለጠውን ብቻ አትሙ። የማታውቁም አትቸገሩ፦ ኢንስፔክተሩ ውስጥ አንድ ትልቅ ክፍል መርጣችሁ ዲሊት በሉ። ስክሮሉ ከጠፋ ጥፋተኛው እዚያ ውስጥ ነው። ኮንትሮል ዜድ ብላችሁ መልሱት፣ ከውስጡ ያሉትን አንድ በአንድ ሞክሩ።

በግራ ሆኖ ያልታየው በቀኝ ለምን ታየ?

የእኔ ሜኑ ሲዘጋ «ፖዚሽን አብሶሉት» (ከገጹ ጋር እየተለካ የሚቀመጥ)፣ «ራይት» ደግሞ ኔጌቲቭ 280 ፒክስል ነበር። ማለትም ከስክሪኑ ቀኝ ጠርዝ ውጭ ተቀምጦ ተራውን ይጠብቃል። በግራ ሳለም ልክ እንዲሁ ውጭ ነበር፤ ግን ማንም አላየውም። ምክንያቱ የጽሑፉ አቅጣጫ ነው። ከግራ ወደ ቀኝ በሚነበብ ገጽ፣ አማርኛችንም እንዲሁ ነው፣ ብራውዘሩ ከግራና ከላይ ጠርዝ ያለፈውን ነገር ስክሮል ተደርጎ የሚደረስበት አድርጎ አይቆጥረውም። ከቀኝና ከታች ያለፈውን ግን ይቆጥረዋል። በዐረብኛ ገጽ ግራና ቀኙ ይገለበጣል። ስለዚህ በግራ ሲሠራ የኖረ ኮድ አንድ ቃል ብቻ ተቀይሮ ቀኝ ሲመጣ ማጋደሉ የእናንተ ዓይን ችግር አይደለም፤ ስሕተቱ ቀድሞም ነበረ፣ አሁን ወደሚታይበት ጎን ዞረ።

መድኃኒቱ ሜኑውን «ፖዚሽን ፊክስድ» ማድረግ ነው። ፊክስድ የሆነ ኤለመንት የሚለካው ከስክሪኑ መስኮት ጋር እንጂ ከገጹ ጋር ስላልሆነ የገጹን ስክሮል አያስረዝምም። «ቶፕ» ዜሮ፣ «ቦተም» ዜሮ፣ «ራይት» ዜሮ፣ «ዊድዝ» 280 ፒክስል አድርጉና፣ ለመደበቅ «ራይት»ን በኔጌቲቭ ከመግፋት ይልቅ «ትራንስፎርም ትራንስሌት ኤክስ 100 ፐርሰንት» በሉት። ሲከፈት ትራንስሌቱ ዜሮ ይሆናል። 100 ፐርሰንቱ የራሱ የሜኑው ወርድ ስለሆነ ነገ ሜኑውን 300 ብታደርጉትም ሌላ ቁጥር መቀየር የለባችሁም። እንቅስቃሴውም በደከመ ስልክ ላይ ሳይቀር ይለሰልሳል፤ ትራንስፎርም ሲለወጥ ብራውዘሩ የሌላውን ሳጥን ሁሉ ቦታ እንደገና ማስላት የለበትምና።

እዚህ ላይ ግን አንድ ወጥመድ አለ፣ እኔን ግማሽ ቀን የበላኝ። የጋሼ የወንድም ልጅ ከላይ ያለው ሄደር እንደ መስታወት ከኋላው ያለውን እያደበዘዘ ቢያሳይ ያምራል አለኝ፤ ያምራልም። «ባክድሮፕ ፊልተር ብለር» ጨመርኩለት። ሜኑው የሄደሩ ልጅ ሆኖ በኤችቲኤምኤሉ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ወዲያው ሜኑው ተጨማደደ፤ ቁመቱ የሄደሩን 60 ፒክስል ብቻ ያህል ሆነ፣ ማጋደሉም ተመልሶ መጣ። ፊክስድ የሆነ ነገር ከስክሪኑ ጋር የሚለካው ከወላጆቹ (በውስጣቸው ከተቀመጠባቸው ሳጥኖች) አንዳቸውም ትራንስፎርም፣ ፊልተር፣ ፐርስፔክቲቭ ወይም ባክድሮፕ ፊልተር እስካልያዙ ድረስ ነው። ከያዙ ያ ወላጅ እንደ ስክሪን ይቆጠርበታል፤ ፊክስዱም እንደ አብሶሉት ይሆናል። ሜኑውን ከሄደሩ አውጥቼ የቦዲው ቀጥተኛ ልጅ አደረግሁት፤ አለቀ። ፊክስድ ብላችሁ ጽፋችሁ እንደ ፊክስድ አልሆን ካላችሁ ወደ ላይ ወላጅ ወላጁን እያያችሁ ውጡ።

ሌሎቹ የተለመዱ ጥፋተኞች

ሜኑውን ካስተካከልኩ በኋላ ስልኩ ላይ 360 እና 360 ሆነ። በሱቄ ላፕቶፕ ስከፍተው ግን አሁንም ከታች ቀጭን ስክሮል ባር ነበር፦ 1349 እና 1366። ልዩነቱ 17። ዋናው ፎቶ ላይ ወርዱን «100 ቪደብሊው»፣ ማለትም የመስኮቱን ሙሉ ወርድ፣ ብዬ ነበር። 100 ቪደብሊው በቀኝ ያለውን የስክሮል ባር ጭምር ይዞ ነው የሚቆጥረው። ስልክ ላይ ባሩ ከይዘቱ በላይ ተንሳፋፊ ስለሆነ ችግሩ አይታይም፤ ዊንዶውስ ላይ ግን ባሩ የራሱን ቦታ ይወስዳል። «100 ፐርሰንት» ብላችሁ ጻፉት። ሙሉ ወርድ ላይ ፓዲንግ የምትጨምሩም ከሆነ «ቦክስ ሳይዚንግ ቦርደር ቦክስ» (ፓዲንጉን በወርዱ ውስጥ የሚቆጥረው ትእዛዝ) ከፋይሉ አናት ላይ ለሁሉም ይሰጥ፤ አለበለዚያ 100 ፐርሰንት ላይ ከግራም ከቀኝም 20 ሲጨመር 40 ፒክስል ወደ ውጭ ይወጣል።

እውነት መሸፈን የሚያስፈልግበት ጊዜም አለ፣ ለምሳሌ ሆን ተብሎ ከጠርዝ የሚያልፍ ጌጥ ሲኖር። ያኔ ጌጡን የያዘው ክፍል ላይ ብቻ «ኦቨርፍሎው ኤክስ ክሊፕ» በሉ። ሂደን ኤለመንቱን ራሱን የስክሮል ሣጥን ያደርገዋል። ኤችቲኤምኤሉም ቦዲውም ላይ ሲሰጥ ቦዲው ለብቻው የስክሮል ሣጥን ይሆንና «ፖዚሽን ስቲኪ» የሆነው፣ ማለትም ተለጥፎ እንዲቀር የታዘዘው ነገር ራሱ ስክሮል ከማያደርገው ቦዲ ጋር ይጣበቃል። «የዛሬ ዋጋ» የጠፋብኝ ለዚህ ነው። ክሊፕ ግን ቆርጦ ይጥላል እንጂ የስክሮል ሣጥን አይፈጥርም። ክሮም ከ2021፣ ሳፋሪ ከ2022 ጀምሮ ያውቁታል።

ሳይነኩት የሚዘል ገጽ

ይህኛውን ክፍል ብዙ ሰው ስለማያየው ቀስ ብዬ ልንገራችሁ። ሜኑው ተዘግቷል፣ ምንም አያጋድልም። ማውስ ሳልነካ በኪቦርድ ታብ ታብ እያልኩ ስሄድ አንድ ጊዜ ላይ የተመረጠውን ሊንክ የሚከብበው ሰማያዊ ምልክት ከዓይኔ ጠፋ፤ ሰባት ጊዜ ተጫንኩ፣ የለም። የተዘጋው ሜኑ ውስጥ ባሉት ሰባት ሊንኮች ላይ እየተራመደ ነበር። በቀድሞው አሠራሬ፣ አብሶሉት ከነሂደኑ ሳለ ደግሞ የባሰ ነበር፦ ብራውዘሩ የተመረጠውን ሊንክ ለማሳየት ሲል ገጹን በጎን ይስበዋል፤ ሂደን የሰውን ጣት እንጂ ብራውዘሩ ራሱ የሚያደርገውን ስክሮል አይከለክልም። ማውስ መያዝ የማይችል፣ ወይም ስክሪን በሚያነብ ፕሮግራም የሚጠቀም ዓይነ ስውር ደንበኛ ይህ ሲገጥመው ምን እንደሆነ እንኳ አይገባውም። እኔ ይህን ካወቅሁ በኋላ የቀደሙ ደንበኞቼን ገጾች ሁሉ ተመልሼ አስተካክያለሁ፤ ገንዘብም አልጠየቅሁበትም።

መፍትሔው «ቪዚቢሊቲ» ነው። ሲዘጋ ሂደን፣ ሲከፈት ቪዚብል። «ዲስፕሌይ ነን» ብትሉት ደግሞ የመንሸራተቱ እንቅስቃሴ ይቀራል፤ ድንገት ብቅ ድንገት ጥፍት ይላል። የእንቅስቃሴውን ጊዜ በሚወስነው «ትራንዚሽን» ላይ ትራንስፎርምንም ቪዚቢሊቲንም በእኩል ጊዜ፣ ለምሳሌ 0.25 ሰከንድ፣ ጻፏቸው። ሲከፈት ወዲያው ይታያል፤ ሲዘጋ ደግሞ ተንሸራቶ እስኪጨርስ ይቆይና ይሰወራል። ቪዚቢሊቲ ሂደን ብቻውን ግን የመጀመሪያውን ችግር አይፈታም፤ የተሰወረው ነገር ቦታውን እንደያዘ ነው፣ አብሶሉት ከሆነም ማጋደሉን ይቀጥላል። ፊክስዱና ቪዚቢሊቲው አብረው ነው የሚሠሩት።

የዝላይ ሌላው ምንጭ የሜኑው ቁልፍ ነው። ያለ ጃቫስክሪፕት በቼክቦክስ (ምልክት በሚደረግባት ትንሽ ሳጥን) የሚከፈት ሜኑ የምትሠሩ፣ ቼክቦክሱን ለመደበቅ ከገጹ አናት በላይ 9999 ፒክስል የምትወረውሩት ከሆነ፣ ሰው ከቼክቦክሱ ጋር የተያያዘውን ጽሑፍ (ሌብሉን) ሲነካ ብራውዘሩ ያንን ቼክቦክስ ሊያሳይ ገጹን ወደ ላይ ይወስደዋል። ቼክቦክሱን ከቁልፉ ጋር አንድ ቦታ ላይ አስቀምጡና እንዳይታይ «ኦፓሲቲ» ዜሮ አድርጉት። ሊንክ ተጠቅማችሁ አድራሻው ላይ ባዶ የፓውንድ ምልክት ብቻ ከጻፋችሁም እንዲሁ ወደ ላይ ይዘላል። እኔ ሁለቱንም ትቼ በተን እጠቀማለሁ፤ የሚከፍት ነገር ቁልፍ ነው፣ ቁልፍ ተብሎ ይጻፍ።

ሜኑው ተከፍቶ ከኋላው ያለው ሲንቀሳቀስ

ሜኑው ውስጥ ወደ ታች ስክሮል አድርገው ጫፉ ላይ ሲደርሱ ከኋላ ያለው ገጽ መሄድ ይጀምራል። ሰውየው ማኛን ሊመርጥ ሲል ከኋላ የነበረበትን ቦታ ያጣል። ሜኑው ላይ «ኦቨርፍሎው ዋይ ኦቶ» እና «ኦቨርስክሮል ቢሄቪየር ኮንቴይን» ስጡት። ሜኑው አጭር ሆኖ ራሱ ስክሮል የማያደርግ ከሆነ ግን ኮንቴይኑ ላይሠራ ይችላል፤ ስለዚህ ሜኑው ሲከፈት ቦዲው ላይ ኦቨርፍሎው ሂደን የሚሰጥ ክላስ (ለሳጥን የሚለጠፍ ስም) በጃቫስክሪፕት ጨምሩ፣ ሲዘጋ አንሱት። ይህ ጊዜያዊ ነውና ከላይ ከወቀስኩት ጋር አታምታቱት። ኮምፒውተር ላይ የስክሮል ባሩ ሲጠፋ ገጹ በእነዚያ 17 ፒክስሎች ይሰፋና ይዘቱ ይነቃነቃል፤ ኤችቲኤምኤሉ ላይ «ስክሮልባር ጋተር ስቴብል» ብትሉ ቦታው ተጠብቆ ይቆያል። የቆዩ አይፎኖች የቦዲውን ሂደን ችላ ይሉታል። ለእነሱ ቦዲውን ፊክስድ አድርጋችሁ፣ ሰውየው የነበረበትን ቁመት ይዛችሁ «ቶፕ»ን በዚያ መጠን ኔጌቲቭ ታደርጋላችሁ፣ ሲዘጋ ወደ ቦታው ትመልሱታላችሁ።

የመጨረሻው ብልሽት ጋሼን በቀጥታ ገበያ ያሳጣቸው ነው። «ይደውሉልን» የሚለው ሜኑው ግርጌ ላይ ነበር፣ አዲስ አበባ ያለ ገዢ ግን አላገኘውም። የሜኑውን ቁመት «100 ቪኤች» ብዬ ነበር። ስልክ ላይ 100 ቪኤች የሚቆጠረው የብራውዘሩ አድራሻ መጻፊያ ተሰብስቦ በሚኖረው ትልቁ ቁመት ነው። አድራሻው ክፍት ሳለ የሜኑው ግርጌ ከስክሪኑ በታች ይወርዳል። ከላይ እንዳልኩት ቶፕም ቦተምም ዜሮ ከሆነ ቁመት መጻፍ አያስፈልግም፤ ስክሪኑን ይከተላል። ቁመት የግድ ካላችሁ መጀመሪያ 100 ቪኤች፣ ከሥሩ ደግሞ 100 ዲቪኤች (አድራሻው ሲከፈትና ሲሰበሰብ አብሮ የሚለወጠውን ቁመት) ጻፉ። ዲቪኤችን የማያውቅ የቆየ ስልክ ሁለተኛውን መስመር ዘሎ የመጀመሪያውን ይይዛል።

ከማስረከባችሁ በፊት ስልኩን አጋድማችሁ ያዙት። ቁመቱ ወደ 360 ይወርዳል፣ ሰባቱ መስመር አይበቃውም፤ ሜኑው በራሱ ውስጥ ስክሮል አድርጎ «ይደውሉልን» ላይ መድረስ አለበት። ከዚያ ሜኑውን ዘግታችሁ ገጹን በጣታችሁ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ጎትቱት። በመጨረሻም ኪቦርድ ይዛችሁ ታብ እያላችሁ ከአናት እስከ ግርጌ ሂዱ፤ ሰማያዊዋ ምልክት አንድም ጊዜ ከዓይናችሁ መጥፋት የለባትም።